ለምናባዊ ዓለማችሁ የጨረቃ አምላክ ስትፈጥሩ

ስም ከማውጣታችሁ በፊት ሁለት ቁጥር ጻፉ። ጨረቃችሁ ከአንዱ ጨለማ እስከ ቀጣዩ ጨለማ ስንት ቀን ይፈጅባታል? ዓመታችሁስ ስንት ቀን አለው? የአምላኩ ጠባይ፣ የአገልጋዮቹ ሥልጣን፣ የበዓሉ ቀን፣ የአበዳሪና የተበዳሪ ጭቅጭቅ ሁሉ የሚወጣው ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ነው። ነጭ ቀሚስና ብርማ ፀጉር በኋላም ይደረስበታል።

የእኛዋ ጨረቃ ዙሯን የምትጨርሰው በ29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ነው። ዐሥራ ሁለት ዙር 354 ቀን ይሆናል፤ ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያንሳል። ረመዳን በ33 ዓመት ገደማ ውስጥ ክረምቱንም በጋውንም የሚዞረው በዚህች ጉድለት ነው፤ የፋሲካ ቀን በየዓመቱ ወዲያና ወዲህ የሚለውም በእሷው ምክንያት ነው። ባሕረ ሐሳብን፣ የቤተ ክርስቲያኑን የዘመን ቆጠራ፣ የቆጠረ ሰው አሠራሩን ያውቀዋል፦ አበቅቴ የሚባለው የጨረቃ ትርፍ በየዓመቱ 11 ይጨምራል፣ 30 ሲሞላ 30ው ይገደፋል። ከአበቅቴና ከጥንዱ ቁጥር ከመጥቅዕ ድምር 30 አይጠፋም። አንዲት ትንሽ ትርፍ ቁጥር ስንት የሊቃውንት ዕድሜ እንደበላች አስቡት።

ስለዚህ ቁጥሮቻችሁ እኩል እንዳይካፈሉ አድርጉ። ዓመቱ 360፣ ጨረቃዋ 30 ቀን ከሆነች ሁሉም ነገር ይገጥማል፤ የሚቆጥር ሰው አያስፈልግም፣ የሚጣላ አይኖርም፣ ተረትም አይወለድም። ትርፍ ይኑር። እዚህ ለምሳሌ የምንሠራበት ዓለም ዓመቱ 360 ቀን፣ ጨረቃው ደግሞ 29 ቀን ይሁን። ዐሥራ ሁለት ወር 348 ይሆናል፤ 12 ቀን ይተርፋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ጳጉሜን በማየት ትርፏን ዓመቱ መጨረሻ ላይ ለብቻ ያስቀምጧታል፤ 12 ወር፣ ከዚያ 12 የበዓል ቀን፣ ከዚያ አዲስ ዓመት። ግን ጨረቃ በዓል ነው ብላ አትቆምም። በእነዚያ 12 ቀናት ውስጥ ስታድግ ትቆይና አዲሱ ዓመት ሲገባ ሙሉ ለመሆን ሁለት ሦስት ሌሊት የቀራት ትሆናለች፤ «ወር በጨለማ ይጀምራል» ያላችሁት ሕግ በሁለተኛው ዓመት ፈረሰ ማለት ነው። የእኛ ጳጉሜን ለብቻዋ መቆም የቻለችው ወሮቻችን ባለ 30 ቀን ሆነው ጨረቃን መከተል ስለተዉ ነው። ያላችሁ ምርጫ ሁለት ነው፦ ወሩን ከጨረቃ ማፋታት፣ ወይም ትርፉን አጠራቅሞ በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ 13ኛ ወር መጨመር። ለተረት የሚሻለው ሁለተኛው ነው።

ጨረቃዋ በስንት ሰዓት ትወጣለች?

ይህን የሚዘነጋ ደራሲ ብዙ ነው፤ በገጠር ያደገ አንባቢ ደግሞ ወዲያው ይይዘዋል። ቀንና ሌሊቱ እኩል በሆነበት አገር ሰዓቱ ይህን ይመስላል፦

ቀጭኗ አዲስ ጨረቃ ፀሐይ እንደጠለቀች ምዕራብ ላይ ትታያለች፤ ብዙም ሳትቆይ ትጠልቃለች።
የመጀመሪያዋ ግማሽ ጨረቃ ከቀኑ 6 ሰዓት ትወጣለች፣ ማታ 12 ሰዓት አናት ላይ ትሆናለች፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ትጠልቃለች።
ሙሉ ጨረቃ ማታ 12 ሰዓት ፀሐይ ስትገባ በምሥራቅ ትወጣለች፣ ጠዋት 12 ሰዓት ትጠልቃለች።
ሁለተኛዋ ግማሽ ጨረቃ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ትወጣለች፣ እስከ እኩለ ቀን ሰማይ ላይ አለች።
የመጨረሻዋ ቀጭን ጨረቃ ጎህ ከመቅደዱ ትንሽ ቀደም ብላ በምሥራቅ ብቅ ትላለች።

በየቀኑ ስንት ደቂቃ እንደምትዘገይ ለማወቅ 1440ን ለወራችሁ ቀን አካፍሉ። ለ29 ቀን 50 ደቂቃ ገደማ ይመጣል። ቀኑ በእኛ ልክ 24 ሰዓት እስከሆነ ድረስ ለየትኛውም ዓለም ይሠራል።

ማጭድ የመሰለች ጨረቃ በእኩለ ሌሊት አናት ላይ ከታየች ስህተት ነው። ሙሉ ጨረቃ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይም ስህተት ነው። ትላንት ሙሉ የነበረች ጨረቃ ዛሬ ጀግናው እንዲያመልጥ ብላ ድቅድቅ ጨለማ አታደርግም፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ጨለማ ትሰጠዋለች፣ ከዚያ ትወጣለች። ያቺ አንድ ሰዓት ራሷ ጥሩ ትዕይንት ናት፤ ተጠቀሙባት። በቀንዶቿ መካከል ኮከብ አታስቀምጡ፤ የማይታየው ክፍልም አካሏ ስለሆነ ከኋላው ያለ ኮከብ አይታይም። ቀንዶቹ ደግሞ ሁልጊዜ ፀሐይዋ ካለችበት ተቃራኒውን ያመለክታሉ። ከምድር ወገብ አጠገብ ባለ አገር አዲሷ ጨረቃ እንደ ታንኳ ጋለል ትላለች፤ ወደ ሰሜን ርቃችሁ ስትሄዱ ጎኗ ይቆማል። የጥንቶቹ ሱመሮች የጨረቃ አምላክ ናና፣ የኡር ከተማ ጌታ፣ በታንኳና በበሬ ቀንድ መመሰሉ ያለ ነገር አይደለም። እናንተም ምልክቱን ከመምረጣችሁ በፊት አገሩ የት እንደሆነ ወስኑ።

ተረቱ ጥያቄ መመለስ አለበት

ሰማዩ ሲያልቅ ተረቱ ይጀመራል። ጥያቄዎቹ የታወቁ ናቸው፦ ለምን ትከሳለች? ለምን ትጠፋለች? ፊቷ ላይ ያለው ጥቁር ምንድን ነው? ለምን አንዳንዴ በቀን ትታያለች? በግርዶሽ ጊዜ ለምን ትቀላለች? ሁሉንም በአንድ ታሪክ ለመመለስ ሞክሩ፤ ለእያንዳንዱ የተለየ ተረት ካበጃችሁ አምላኩ ይበታተናል።

ይህን ከሁሉ በላይ ያሳካው የህንዶቹ ቻንድራ ነው። ሃያ ሰባት እህትማማቾች አግብቶ አንዷን ሮሂኒን ብቻ ወደደ፤ አባታቸው ዳክሻ ተቆጥቶ እየከሳ እንዲሄድ ረገመው፤ ርግማኑ በምልጃ ተለዝቦ ከስቶ ደግሞ እንዲያገግም ሆነ። ሃያ ሰባቱ ሚስቶች ጨረቃ በየሌሊቱ የምታድርባቸው የኮከብ ማደሪያዎች ናቸው፤ ጨረቃ ከኮከቦች አንጻር አንድ ዙር የምትጨርሰው በ27 ቀን ከሲሶ ገደማ ነውና። ቅናቱ፣ ርግማኑና የሰማዩ ቁጥር አንድ ላይ ተገምደዋል። የአዝቴኮቹም እንዲሁ ቁጥብ ነው፦ ጨረቃ መጀመሪያ እንደ ፀሐይ ደማቅ ነበር፤ አማልክቱ ጥንቸል ፊቱ ላይ ወረወሩበት፤ በአንድ ውርወራ መደብዘዙም ጥቁሩ ምልክትም ተመለሰ። ግብፆች ዓመታቸው 360 ሆኖ አምስት ቀን ሲተርፍ «አንድ አምላክ ከጨረቃ ጋር ገበጣ መሰል ጨዋታ ተጫውቶ ከብርሃኗ ያሸነፋቸው ቀናት ናቸው» አሉ። የእኛ ጳጉሜን የእነዚያ ቀናት ወራሽ ናት።

አሁን ወደ ምሳሌያችን። የግዕዙ ሠረቀ፣ በንጉሡ ሠ፣ ወጣ በራ ማለት ነው፤ ሠርቀ ወርኅ የሚባለውም ከዚህ ነው። በእሳቱ ሰ የተጻፈው ሰረቀ ግን ሌብነት ነው። ለጆሮ አንድ ናቸው። እንግዲህ የጨረቃዋን አምላክ ሠርቂት እንበላት። የተማሩት «የምትወጣ» ብለው ያነቡታል፤ ሕዝቡ «ሌባዋ» ብሎ ይሰማዋል። ሰምና ወርቅ ያለው ቋንቋ እያለን ከሩቅ አገር ስም መልቀም ለምን?

ታሪኩ እንዲህ ይሂድ። ፀሐይ ብርሃኑን 360 ቀን አድርጎ ሸንሽኖ አስቀመጠ። ሠርቂት በየዓመቱ 12 ቀን ትሰርቀዋለች፤ ስለዚህ የእሷ ዐሥራ ሁለት ወር ቀድሞ ያልቃል። የሰረቀችውን ጉያዋ ውስጥ ትከታለች፤ የምትከሳው ብርሃኗን በትንሽ በትንሹ ወደ ጉያዋ ስለምታስገባ ነው። ፊቷ ላይ ያለው ጥቁር ፀሐይ አንድ ጊዜ ሲይዛት የጣቶቹ ጠባሳ ነው። በቀን ብቅ የምትለው ጎተራውን ልትሰልል ነው። የተደበቀው 29 ሲሞላ ብርሃኑ ከጉያዋ ያፈስና ትያዛለች፤ አንድ ሙሉ ወር መልሳ ትከፍላለች። በግርዶሽ ጊዜ ደግሞ ሁለቱ ፊት ለፊት ይገጥማሉ፣ ምድር በመካከል ገብታ ሽማግሌ ትሆናለች፣ ሠርቂት በእፍረት ትቀላለች። ይህ የመጨረሻው ከሰማዩ ጋር ይገጥማል፦ የጨረቃ ግርዶሽ የሚሆነው ምድር በፀሐይና በሙሉ ጨረቃ መካከል ስትገባ ብቻ ነው፤ ቅላቱም በምድር አየር ዳር ተጎንብሶ ያለፈ የፀሐይ ብርሃን ነው።

ግርዶሽ ሲጻፍ ልኩን ጠብቁ። የጨረቃው ሙሉ ግርዶሽ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ሊቆይ ይችላል፣ ሌሊት የሆነበት አገር ሁሉ ያየዋል። የፀሐዩ በአንድ ቦታ ከ7 ደቂቃ ተኩል አይበልጥም፣ የሚታየውም በጠባብ መንገድ ላይ ነው፤ ጨረቃ ጨለማ በሆነችበት ቀን ብቻም ይመጣል። በየወሩ የማይሆነው የጨረቃዋ መንገድ በ5 ዲግሪ ገደማ ስላዘነበለ ነው። ስለዚህ በአንድ የፀሐይ ግርዶሽ ሥር ሦስት ምዕራፍ ሙሉ ጦርነት ማካሄድ አይቻልም።

ወንድ ናት ወይስ ሴት?

ጨረቃ ሴት፣ ፀሐይ ወንድ የሚለው ሕግ አይደለም። የሱመሩ ናና፣ የግብፁ ኮንሱ፣ ቻንድራ፣ የጃፓኑ ፁኩዮሚ፣ የሰሜን አውሮፓው ማኒ ወንዶች ናቸው። የግሪኳ ሴሌኔ፣ የኢንካዋ ማማ ኪያ፣ የምዕራብ አፍሪካው የፎን ሕዝብ ማዉ ሴቶች ናቸው። ምርጫው የእናንተ ነው፤ በአማርኛ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ግሣችን ጾታ ይጠይቃል። «ጨረቃ ወጣች» ለጆሮ የለመደ ስለሆነ «ጨረቃ ወጣ» ብላችሁ 300 ገጽ ብትጽፉ አንባቢ በየገጹ ይደናቀፋል። አምላኩ ወንድ ከሆነ ስሙን ከአካሉ ለዩት፤ ሰማይ ላይ ያለችው ጨረቃ ፋኖሱ፣ ታንኳው ወይም ጋሻው ትሁን፣ እሱ ደግሞ በስሙ ይጠራ። ያኔ «ጨረቃዋ ወጣች፣ እሱም ቀዘፈ» ያለ ችግር ይነበባል።

ሴት ከሆነች «እመ አምላክ» አትበሏት። ይህ በትርጉም ሥራዎች ውስጥ የሚያጋጥም ከባድ ስህተት ነው፤ እመ አምላክ የአምላክ እናት ናት፣ የድንግል ማርያም ስም ነው። «እንስት አምላክ» ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ በስሟ ጥሩ። ታቦት፣ ቅዳሴ፣ ጾመ እገሌ፣ ዱዓ የሚሉትም ባለቤት ያላቸው ቃላት ናቸው፤ የፈጠራችሁት ዓለም ውስጥ ሲገቡ አንባቢውን ወደ ደብሩ ወይም ወደ መስጊዱ ይወስዱታል፣ አማኙንም ያስከፋሉ። አገልጋዮቹን በሥራቸው ሰይሙ። በምሳሌያችን «ገንቦ ጠባቂዎች» ይባላሉ፤ ለምን እንደሆነ ወዲያው እንደርስበታለን።

ጸሎት ስትጽፉ አንቱታን ተዉት። አማርኛ ተናጋሪ ለሽማግሌ «እርስዎ» ይላል፣ ለፈጣሪው ግን «አንተ» ነው። «ሠርቂት ሆይ፣ እባክዎን ይውጡ» የጽሕፈት ቤት ማመልከቻ ይሆናል። ይልቅ አጭር፣ ቤት የሚመታ፣ በአፍ የሚያዝ ይሁን፦

ሠርቂት ሆይ ወጥተሽ ግቢ፣
የወሰድሽውን ቀን አስቢ።

«አስቢ» አስታውሺ ነው፤ ሒሳብ ሥሪ፣ ቁጠሪም ነው። ልጅ እንኳ አንዴ ሰምቶ የሚይዘው ሁለት ስንኝ ከአራት ገጽ ውዳሴ ይበልጣል።

ገንቦውና ጠጠሩ

አምልኮ በእጅ የሚያዝ ነገር ይፈልጋል። የሠርቂት ቤት ውስጥ አንድ ገንቦ አለ። በየዓመቱ መጨረሻ ገንቦ ጠባቂዎቹ 12 ጠጠር ይጨምራሉ። ጠጠሩ 29 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን 29ኙን ያወጣሉ፣ 13ኛው ወር ይታወጃል፣ የተረፈው ገንቦው ውስጥ ይቀራል። ቁጠሩት፦ በ1ኛው ዓመት 12፣ በ2ኛው 24፣ በ3ኛው 36 ይሆንና ወር ይታወጃል፣ 7 ይቀራል። በ4ኛው 19፣ በ5ኛው 31፤ ሌላ ወር፣ 2 ይቀራል። በ6ኛው 14፣ በ7ኛው 26፣ በ8ኛው 38፤ እንደገና ወር። እንግዲህ ትርፉ ወር በ3ኛው፣ በ5ኛውና በ8ኛው ዓመት ይመጣል። በ29 ዓመት ውስጥ 12 ትርፍ ወሮች ይሆናሉ፣ ገንቦውም ባዶውን ይቀራል። ይህ በዓለማችሁ ውስጥ ትልቁ በዓል ቢሆን ማንም አይፈርድባችሁም፤ ብዙ ሰው በዕድሜው ከሁለት ጊዜ በላይ አያየውም።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ ራሱ ይመጣላችኋል። በ13ኛው ወር ዕዳ ይከፈላል ወይ? በወር የሚቀጠር እረኛ ደመወዝ ያገኛል ወይ? በዚያ ወር የተወለደ ልጅ ዕድሜው እንዴት ይቆጠራል? በ2ኛው ዓመት 24 ጠጠር ባለበት ገንቦ ውስጥ አንድ ጠባቂ በሌሊት 5 ጠጠር ቢጨምር ወሩ አንድ ዓመት ቀድሞ ይታወጃል፤ የአንድ ባለዕዳ ቀነ ገደብ በ29 ቀን ይራዘማል፣ ወይም የአንድ ሹም ዘመን ይረዝማል። በሮም የሆነው ይኸው ነው። ትርፍ ወር የማስገባት ሥልጣን የነበራቸው ካህናት ለወዳጆቻቸው ሹመት ዓመቱን ያስረዝሙና ያሳጥሩ ነበር። ዩልዮስ ቄሳር የተበላሸውን ሲያቃና ከክርስቶስ ልደት በፊት 46ኛው ዓመት 445 ቀን እስኪሆን ደርሷል።

ማን እንደሚያመልካትም ለዩ። ሁሉም ሰው አንድን አምላክ እኩል አይወድም። በቆላ ሙቀቱን ሸሽቶ ሌሊት የሚጓዝ የግመል ነጋዴ፣ አዋላጅ (የወር አበባ የሚለው ቃላችን ራሱ ጨረቃን ይዟል)፣ ዓሣ አጥማጅ፣ ሌባ ይወዷታል። ገበሬው ግን ዘር የሚዘራበትን ቀን ስለምታዛባበት በጥርጣሬ ያያታል። መባዋም እንደ ጠባይዋ ይሁን፦ በግልጽ አይሰጥም፣ አንድ ስኒ ወተት ደጅ ላይ የተረሳ መስሎ ይቀመጣል፣ ጠዋት ባዶ ከተገኘ ወሰደችው ይባላል። ድመቷን ማንም አይጠይቅም።

ሁለተኛ ጨረቃ ከጨመራችሁ

ብዙ ሰው ለውበት ብሎ ይጨምራል፣ ከዚያ ይረሳታል። ከጨመራችሁ ዙሯን በቁጥር ያዙ። ለእኛ ዓለም 12 ቀን እንስጣትና ሕዝቡ «ውሪው» ይበለው፤ የሠርቂት ተላላኪ ልጅ ነው። 1440 ለ12 ሲካፈል 120፤ በየቀኑ በ2 ሰዓት ይዘገያል። ሁለቱ በአንድ ሌሊት የሚጨልሙት 29 እና 12 በሚገናኙበት፣ በየ348 ቀኑ ነው፤ እሷ 12 ጊዜ ስትዞር እሱ 29 ጊዜ ይሮጣል። ዓመቱ 360 ስለሆነ ይህ ድርብ ጨለማ በየዓመቱ በ12 ቀን ይቀድማል፤ ክረምት ላይ የነበረው ከጊዜ በኋላ በጋ ላይ ይውላል።

ቁጥሮቹ 30 እና 12 ቢሆኑ ግን በየ60 ቀኑ ይገናኛሉ፤ በዓመት 6 ጊዜ የሚመጣ ተአምር ማንንም አያስፈራም። ሌላው፣ ፈጥና የምትዞር ጨረቃ ቅርብ መሆን አለባት፤ ቅርብ ከሆነች ደግሞ ባሕሩን ትስባለች። በእኩል ክብደት በግማሽ ርቀት ያለች ጨረቃ የባሕሩን ሙላት 8 እጥፍ ታደርጋለች። ስለዚህ ውሪውን በጣም ትንሽ አድርጉት፣ አለዚያ የወደብ ከተማችሁን ከባሕሩ ዳር አርቁ። ሦስተኛ ጨረቃ አትጨምሩ፤ ሒሳቡን አንባቢ አይከተለውም።

አሮጌውና አዲሱ

አምላካችሁ ዕድሜ ያለው እንዲመስል ምልክቱ ከእምነቱ ተርፎ ይገኝ። የአክሱም ነገሥታት ሳንቲም ላይ መጀመሪያ የነበረው ክብና ግማሽ ጨረቃ ነው፤ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ዒዛና ክርስትናን ሲቀበል መስቀል ተተካበት። ያው ምልክት ኤርትራ ውስጥ መጠራ ባለው ሐውልት አናት ላይ እስከ ዛሬ አለ። የእምነት ለውጥን በአዋጅና በጦርነት ብቻ አታሳዩ፤ አንዲት ባልቴት ከመቀነቷ ፈትታ የምታወጣው አሮጌ ሳንቲም ላይ የሠርቂት ቀንድ ይኑር፣ ነጋዴው ደግሞ አልቀበልም ይበል። የሓ ላይ ቤተ መቅደስ የነበረው አልመቃህም ለብዙ ዘመን የጨረቃ አምላክ ሲባል ኖሯል፣ ዛሬ ብዙ አጥኚዎች ይጠራጠሩታል። በእናንተም ዓለም ሊቃውንቱ ስለ ሠርቂት ይከራከሩ፤ አንዱ «ጥንት የጎርፍ አምላክ ነበረች» ይበል። መልሱን እናንተ ብቻ እወቁ፣ ወይም ሳትወስኑ ተዉት።

መጻፍ ስትጀምሩ 360 መስመር ያለው ሠንጠረዥ አዘጋጁ። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ቀኑን፣ የሠርቂትን ዕድሜ ከ1 እስከ 29፣ የውሪውን ከ1 እስከ 12 ሙሉ። ታሪኩ ከአንድ ዓመት ካለፈ የሠርቂት ቁጥር ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ ከ1 አይጀምርም። ሌሊት ላይ የሚሆን ትዕይንት ሁሉ ጠርዝ ላይ የቀኑን ቁጥር ይያዝ፤ ረቂቁ ሲያልቅ ከሠንጠረዡ ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። ዕድሜዋ 14 ወይም 15 በሆነበት ሌሊት «ድቅድቅ ጨለማ» የሚል ካገኛችሁ ወይ ደመና አምጡ፣ ወይ ቀኑን በ14 ግፉት።